የባሕር ሥዕል እንዴት ይታያል? ከነፋሱ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው የባሕር ሥዕል ፊት ሲቆም የሚያደርገው ያው ነው። ያያል፣ «ዋው፣ ያምራል!» ይላል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ማታ ስለ ሥዕሉ ቢጠየቅ የሚያስታውሰው ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ «እኔ ሥዕል አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል።

ሥዕሉ የሚከብደው በሌላ ምክንያት ነው። የሰው ፊት የተሣለበትን ሥዕል ስናይ ዓይናችን የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ባሕር ላይ ግን ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ ለዓይናችሁ በተራ በተራ ሥራ ስጡት። የመጀመሪያው ሥራ ነፋሱን መፈለግ ነው። ጎበዝ የባሕር ሠዓሊ የማይታየውን ነፋስ ያሳያል፤ ነፋሱን ካገኛችሁት የቀረው ይከተላል።

«ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም» የምትሉም አትፍሩ። ከታች ያሉት ደረጃዎች የሚጠይቁት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ሥዕል ምረጡ። አንድ ብቻ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ወይም መርከብ ያለበት ይሻላል። ባዶ ባሕር ከባድ ስለሆነ ለኋላ አቆዩት።

እዚህ የምንለማመድበት የአሜሪካዊው ሠዓሊ የዊንስሎው ሆመር «ብሪዚንግ አፕ» ነው። «መልካም ነፋስ» የሚል ሌላ ስምም አለው። ከ1873 እስከ 1876 ተሠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰውዬና ሦስት ልጆች በትንሽ የሸራ ጀልባ ሲሄዱ ያሳያል። ያለው ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ኦቭ አርት ውስጥ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ እንግዲህ ምን ምክንያት አላችሁ? ሩቅ ያላችሁ ደግሞ ትልቁን ምስል ከጋለሪው ድረ ገጽ በነፃ አውርዱ።

ሥዕሉ ግድግዳ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ሙዚየሞች ሥዕል ያዋውሳሉ፣ ለጥገናም ያወርዳሉ። በሄዳችሁበት ቀን ላይኖር ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የሙዚየሙን ድረ ገጽ እዩ፤ ለዕይታ ከቀረበ አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ ቁጥር ተጽፏል።

የሚያዝ ነገር፦ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ብዙ ሙዚየም ውስጥ አይፈቀድም። ትልቅ ቦርሳ ቤት ተዉት፤ መግቢያው ላይ ያስቀምጡባችኋል። ምቹ ጫማ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ያህል መቆም አለ።

በስክሪን የምታዩ ከሆነ፦ ከስልክ ይልቅ ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ተጠቀሙ። ብርሃኑን ጨምሩ። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉ፤ እሱ ከበራ ባሕሩ በሙሉ አረንጓዴ መስሎ ይታያችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፌስቡክና ከቴሌግራም የተገኘ ምስል አትጠቀሙ። ቀለሙ ተነካክቷል፣ ጠርዙ ተቆርጧል። አንዳንዱም የታዋቂ ሠዓሊ ስም የተለጠፈበት፣ በኮምፒውተር የተፈበረከ ምስል ነው። ሥዕሉ ካለበት ሙዚየም ገጽ ብቻ ውሰዱ።

ደረጃ 1፦ መጠኑን እወቁ

ሙዚየም ውስጥ ያላችሁ ይህን እለፉት። ቤት ውስጥ ያላችሁ ግን እንዳትዘሉት። ስክሪን ላይ ሁሉም ሥዕል እኩል ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ማታለል ነው።

ሜትርና ፕላስተር ያዙ። የሥዕሉን ትክክለኛ መጠን ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። «ብሪዚንግ አፕ» ቁመቱ 61.5፣ ወርዱ 97 ሳንቲ ሜትር ነው። የኢቫን አይቫዞቭስኪ «ዘጠነኛው ሞገድ» ደግሞ 221 በ332 ነው። ይህን ግድግዳው ላይ ስታዩት ሥዕሉ ከእናንተ ቁመት እንደሚበልጥ ይገባችኋል። የክሎድ ሞኔ የ1872 ሥዕል «ኢምፕሬሽን፦ የፀሐይ መውጣት» ግን 48 በ63 ብቻ ነው፤ ብብት ሥር ተይዞ ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ

1. ከሥዕሉ ወርድ ሁለት እጥፍ ያህል ርቃችሁ ቁሙ።
2. ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ።
3. ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አታንብቡ።
4. ሁለት ደቂቃ እዩ።

ሁለት ደቂቃ ይረዝማል። አንደኛው ደቂቃ ላይ ዓይናችሁ መሸሽ ይጀምራል። መልሱት። ጽሑፉን ቀድማችሁ ካነበባችሁ ያነበባችሁትን ብቻ ስለምትፈልጉ ሌላው ያመልጣችኋል።

ደረጃ 3፦ ነፋሱን ፈልጉ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ተዉና ይህን ሥሩ።

1. የጀልባውን ሸራ እዩ። ተወጥሯል ወይስ ተንጠልጥሏል? ወደየት ነው ያበጠው?
2. የጀልባውን አካል እዩ። ቀጥ ብሏል ወይስ ዘንበል ብሏል?
3. ሰዎቹን እዩ። ከፍ ባለው ጎን ከተቀመጡ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ በክብደታቸው እየያዟት ነው።
4. ደብተራችሁ ላይ አንድ ቀስት ሣሉ። ነፋሱ ከየት ወደየት ይሄዳል?
5. ቀስቱን ፈትኑ። ደመናው፣ አረፋው፣ ልብሱ፣ ባንዲራው ከቀስቱ ጋር ይስማማሉ?

«ብሪዚንግ አፕ» ላይ ይህን ስትሠሩ ሥዕሉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሸራው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጀልባዋ ተጋድማለች። ልጆቹ ግን ዘና ብለዋል። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ እነሱ ደግሞ ለምደውታል። ይህን ማንም ሳይነግራችሁ በራሳችሁ አወቃችሁ።

ተጠንቀቁ፦ ጀማሪ እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይሳሳታል።

ሸራው ያበጠበት ወገን ነፋሱ *የሚሄድበት* ነው። የሚመጣው ከተቃራኒው ነው። ቀስቱን ገልብጦ የሚሥል ብዙ ነው።

በምትሄድ መርከብ ላይ ያለ ባንዲራና ጭስ ብቻውን አይታመንም። መርከቧ ራሷ ስትሮጥ የራሷን ነፋስ ትፈጥራለችና አቅጣጫውን ያዛባዋል። ሁልጊዜ ከውሃው ጋር አመሳክሩ።

ትልልቁ ሞገድ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ትናንት ከነፈሰ ነፋስ የመጣ ሊሆን ይችላል። የአሁኑን ነፋስ የሚነግሯችሁ ትንንሾቹ ሞገዶችና ከጫፋቸው የሚበተነው አረፋ ናቸው።

የነፋሱን ኃይል ለመገመት፦ መርከበኞች የቦፎርት መለኪያን ይጠቀማሉ። እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ካለ ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው። አረፋው በርከት ካለ ከ20 እስከ 28። አረፋው በነፋሱ አቅጣጫ እንደ ክር እየተሳበ ከተዘረጋ ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ቁጥሩን በደብተራችሁ ያዙ፤ ሌላ ጊዜ ሁለት ሥዕሎችን ለማወዳደር ይረዳችኋል።

ጀልባም ባንዲራም ከሌለ፦ አሞራዎቹን፣ በባሕሩ ጠርዝ ያለውን ሣር፣ የደመናውን ጅራት እዩ። እነዚህም ከሌሉ፣ ውሃውም ካልታመሰ፣ ሠዓሊው ጸጥ ያለ አየር አሳይቷችኋል ማለት ነው። «ነፋስ የለም» ብላችሁ ጻፉ። እሱም መልስ ነው።

ደረጃ 4፦ አድማሱን አግኙ፣ የቆማችሁበትን እወቁ

ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ፈልጉ። የወረቀት ጠርዝ ከዓይናችሁ ፊት ዘርግታችሁ ከመስመሩ ጋር አስተካክሉት። (እጃችሁን ወደ ሥዕሉ አትዘርጉ። ማንቂያ ደወል ይጮኻል፤ ጥበቃውም ይቆጣል።)

አንድ ሕግ ያዙ፦ አድማስ ሁልጊዜ በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የአድማሱ ቦታ ሠዓሊው እናንተን የት እንዳቆማችሁ ይናገራል።

- የሰዎቹ ራስ ከአድማሱ በላይ ከወጣ፣ እናንተ ከእነሱ ዝቅ ብላችኋል።
- መርከቦቹ በሙሉ ከአድማሱ በታች ከዋሉ፣ ከገደል ወይም ከሰገነት ላይ ሆናችሁ እያያችሁ ነው።
- ሞገዱ ከአድማሱ በላይ ከተነሳ፣ ጫፉ ከዓይናችሁ በላይ ነው። ውሃው ውስጥ ናችሁ።

የመጨረሻው ያስደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። ብዙ የማዕበል ሥዕሎች የሚያስፈሩት በዚህ ዘዴ ነው።

አሁን በቃል መልሱ፦ «እኔ የቆምኩት የት ነው?» ጠረፍ ላይ፣ ሌላ ጀልባ ውስጥ፣ ገደል ላይ፣ ወይስ መቆሚያ በሌለበት? «ብሪዚንግ አፕ» ላይ አድማሱ ከመሐል በታች ነው። ለውሃው ቅርብ ናችሁ። ከኋላ በሌላ ጀልባ የምትከተሏቸው ያህል ነው።

በርሊን ያላችሁ አልተ ናሲዮናልጋለሪ ሄዳችሁ የካስፓር ዳቪድ ፍሬድሪክን «መነኩሴ በባሕር ጠረፍ» በዚህ ደረጃ እዩት። አድማሱ በጣም ዝቅ ብሏል፤ ከሦስት አራተኛው በላይ ሰማይ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቆሟል። መጀመሪያ መርከቦች ነድፎበት እንደነበረና በኋላ እንደተዋቸው በምርመራ ታውቋል። ለዓይን ማረፊያ የሚሆነውን ሁሉ ሆን ብሎ ነው የነሳን።

አድማሱ ከጠፋባችሁ፦ እናንተ አልተሳሳታችሁም። ዊልያም ተርነር በ1842 ለዕይታ ባቀረበው፣ የእንፋሎት መርከብ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በሚያሳየው ሥዕሉ አድማሱን ሊያጠፋው ደርሷል። ሥዕሉ ለንደን፣ ቴት ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን መሐል ላይ የመርከቧን ምሰሶና ጭስ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ቢያዞራችሁ እዚያ መርከብ ላይ ያለ ሰውም ዞሮበታል።

ደረጃ 5፦ ብርሃኑን ተከተሉ

ፀሐይዋን ወይም ጨረቃዋን ፈልጉ። ከሥዕሉ ውጭ ከሆነች ጥላዎቹን አይታችሁ የት እንዳለች ገምቱ። ፀሐይ ፊት ለፊት ካለች ከሥሯ ወደ እናንተ የሚመጣ የብርሃን መንገድ ውሃው ላይ ይኖራል። ውሃው ጸጥ ሲል መንገዱ ይጠባል፤ ሲታመስ ይሰፋል፣ ይሰባበራል።

ቀጥሎ የሞገዱን ጫፍ እዩ። ብርሃን ከሞገዱ ጀርባ ሲመጣ በስስ ጫፉ በኩል ያልፋል፤ እዚያ ላይ ውሃው እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ያበራል። በ1850 የተሠራውና ሴንት ፒተርስበርግ፣ የሩሲያ ሙዚየም ያለው «ዘጠነኛው ሞገድ» የታወቀው በዚህ ነው። በተሰበረ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉት ሰዎች ከማየታችሁ በፊት ያ አረንጓዴ ይይዛችኋል። አይቫዞቭስኪ ባሕሩን የሚሥለው በስቱዲዮው ውስጥ፣ ከትዝታው ነበር። ስለዚህ ከፎቶ ጋር አታወዳድሩት።

ደረጃ 6፦ ቀለሞቹን ቁጠሩ

«ሰማያዊ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ከልክሉ። ከባሕሩ ላይ ትንሽ ቦታ ምረጡና ያያችሁትን ቀለም ሁሉ ጻፉ። ግራጫ፣ ቡናማ፣ አመድማ፣ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ። አምስት ሳትደርሱ አታቁሙ።

በስክሪን ለምታዩ አንድ ደስ የሚል ሙከራ አለ፦

1. የሞኔን «ኢምፕሬሽን፦ የፀሐይ መውጣት» ሥዕሉ ካለበት ከፓሪሱ የማርሞታን ሙዚየም ገጽ ክፈቱ።
2. የስክሪኑን ፎቶ አንሱ።
3. በስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ «ሳቹሬሽን» (የቀለም ድምቀት) የሚለውን እስከ መጨረሻው አውርዱ፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል።

ብርቱካናማዋ ፀሐይ ልትጠፋ ትደርሳለች። ፀሐይዋና በዙሪያዋ ያለው ሰማይ በብርሃን መጠን እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል፤ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። ፀሐይዋ የምትንቀጠቀጥ የሚመስለውም ለዚህ ነው ይባላል። አሁን ቀለሙን መልሳችሁ እዩት።

ደረጃ 7፦ ቅረቡ

እስከ አንድ ክንድ ድረስ ተጠጉ፤ ከዚያ አትለፉ። እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምሩ። አሁን ባሕሩን ተዉና ቀለሙን እዩ። የት ወፈረ? የት ሳሳ? ጉስታቭ ኩርቤ ሞገዶቹን በቀለም ቢላዋ ይሠራ ስለነበር አረፋው እንደተለሰነ ግድግዳ ይወፍራል። ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1882 በስኬቬኒንገን ባሕር ጠረፍ በነፋስ መሐል ቆሞ በሠራው ሥዕል ላይ የአሸዋ ቅንጣት ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። አምስተርዳም፣ ቫን ጎግ ሙዚየም ነው ያለው። ነፋሱ ራሱ ሥዕሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ሥዕል የምወደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ጎን ሄዳችሁ ከጠርዝ እዩት። የቀለሙ ጉብታ በደንብ የሚታየው ከጎን ነው። ወደ ኋላ ተመለሱ። ቀለሙ እንደገና ውሃ የሚሆንበትን ርቀት ፈልጉና እዚያ ቁሙ።

ደረጃ 8፦ ሸፍናችሁ እዩ

አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አውራ ጣታችሁን ከዓይናችሁ ፊት አድርጋችሁ አንድ ነገር ሸፍኑ። ምን ጎደለ?

«ብሪዚንግ አፕ» ላይ በስተቀኝ፣ ሩቅ አድማስ ላይ ያለውን መርከብ ሸፍኑ። ትንሽ ናት፤ ስትጠፋ ግን ሥዕሉ በሙሉ ወደ ግራ የሚያጋድል ይመስላል።

ከዚህ የሚከብደው የሆመር ሌላ ሥዕል ነው፤ በ1899 የሠራው፣ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው «ገልፍ ስትሪም»። ምሰሶዋ የተሰበረ ጀልባ ላይ አንድ ጥቁር ሰው ተጋድሟል። ዙሪያውን ሻርኮች ናቸው። ከኋላ በስተቀኝ የውሃ አውሎ ንፋስ ቆሟል። ብዙ ተመልካች እዚህ ያቆማል። እናንተ ግራውን የላይ ጠርዝ እዩ። በጭጋግ ውስጥ አንዲት መርከብ አለች። ሰውዬው ወደ እሷ አያይም። መርከቧን ሸፍናችሁ ግለጡ፣ ደግማችሁ ሸፍኑ። በእያንዳንዱ ጊዜ የሰውዬው ዕጣ ይለወጣል። ይህን ሥዕል ቸኩሎ ማለፍ ያሳዝነኛል።

ደረጃ 9፦ አሁን ጽሑፉን አንብቡ

ስሙን፣ ዓመቱን፣ መጠኑን አንብቡ። ደብተራችሁ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።

ስለ «ብሪዚንግ አፕ» ተጨማሪ ይኸውና። ከላይኛው ቀለም ሥር ያለውን በሚያሳይ የኢንፍራሬድ ጨረር ሲመረመር ሆመር ብዙ ነገር እንደለወጠ ታይቷል። ምሰሶው አጠገብ አራተኛ ልጅ ነበር፤ አጠፋው። ሩቅ ሁለተኛ መርከብ ነበረች፤ እሷንም አጠፋት። ሰውዬው በአንድ ወቅት የሸራውን ገመድም መሪውንም ብቻውን ይዞ ነበር። አሁን ተመልሳችሁ መሪውን ማን እንደያዘ እዩ። ልጁ ነው፤ ዓይኑም ሩቅ ነው።

ነገሩ አልሆን ሲል

ሰው በዛ። ሙዚየሙ እንደተከፈተ ግቡ፤ ከሥራ ቀናት አንዱን ምረጡ። መሐል ካልተገኘ ደረጃ 7ን ከጎን ጀምሩ።

ብርሃን ያንጸባርቃል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። ካልሆነ ትንሽ ጎንበስ በሉ።

ሥዕሉ ጨለማ ነው። ሥዕሉ ላይ የተቀባው የድሮ ቫርኒሽ (መከላከያ ቅብ) ይቢጫል፣ ይጠቁራል። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ደማቁን ቦታ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እያላችሁ ወደ ጨለማው ውረዱ።

ሁሉም የባሕር ሥዕል አንድ ሆነብኝ። ሁለት ሥዕሎች ምረጡና ደረጃ 3ን ብቻ ሥሩ። ሁለቱን የቀስት ሥዕሎቻችሁን ጎን ለጎን አድርጉ።

ደከመኝ። ተቀመጡ። በአንድ ቀን ከሦስት ሥዕል በላይ አትሞክሩ። አራተኛውን ታያላችሁ፣ ግን አይገባም።

ልጆች ይዣለሁ። ለእነሱ ደረጃ 3ን ስጧቸው። «ነፋሱ ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በእጃቸው ያሳዩ። ብዙ ጊዜ ከትልቅ ሰው ይቀድማሉ።

ሁሉንም ሠርቼ ምንም አልተሰማኝም። ሥዕሉን አታስገድዱት። ተቃራኒ አየር ያለበት ሥዕል ሞክሩ፤ ማዕበል ካያችሁ ጸጥ ያለውን፣ ጸጥ ያለውን ካያችሁ ማዕበሉን። እሱም ካልሆነ ቀኑን፣ የሥዕሉን ስምና የሣላችሁትን ቀስት በደብተሩ ትታችሁ ውጡ። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን ሳትከፍቱ ያንኑ ሥዕል ከደረጃ 2 ጀምሩ። ስትጨርሱ ሁለቱን ገጾች አስተያዩ፤ አዲሱ ገጽ ላይ የተጨመረ ነገር ካለ ሥዕሉን በዝርዝራችሁ አቆዩት፣ ከሌለ ሰርዙትና ሌላ ምረጡ።